የቀበሌ ፖሊስ ሥራ ከሕዝብ ጉባኤ ይጀምራል

የአንድ ኅብረተሰብ ጸጥታ በታጠቀው ሰው ብዛት እንደማይለካ ታሪክ ደጋግሞ አስተምሮናል። ጸጥታ የሚለካው አርሶ አደሩ በጎቹን አሰማርቶ ወደ ማሳው ሲሄድ ልቡ በማረፉ፣ ልጃገረዷ ውሃ ቀድታ ያለ ሥጋት በመመለሷ፣ ሠራተኛው ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በእግሩ በሰላም ቤቱ በመድረሱ ነው። ይህን ጸጥታ ለማስከበር የሚሰማራው ኃይል ግን ዘወትር ከችግሩ ያነሰ ነው። ፖሊሱ ጥቂት፣ ችግሩ ብዙ፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ስለሆነም ከማናቸውም የጸጥታ ሥራ በፊት የሚነሣ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከብዙው ችግር የትኛው ይቅደም? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የፖሊሱን ባሕርይ ይወስናል። ቅደም ተከተሉን ከበላይ በተላከ ደብዳቤ ብቻ የሚወስን ፖሊስ፣ በቀበሌው ውስጥ ቢያድርም የቀበሌው ፖሊስ ሊሆን አይችልም። ቅደም ተከተሉን ከነዋሪው ጉባኤ የሚቀበል፣ የሠራውንም ለዚያው ጉባኤ መልሶ የሚያስረዳ ፖሊስ ግን በቁጥር አንድ ቢሆን እንኳ ሰፊው ሕዝብ ዓይንና ጆሮ ይሆንለታል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ምድር ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርተን እንመለከታለን።

የምድሩ አቀማመጥና የሕዝቡ ችግር

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይታወቃል። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ወገሬና ዘመሮ የመንዝ ወረዳዎች ከተሞች ሲሆኑ፣ የግሼ ወረዳ ማዕከል ራቤል፣ የመርሐቤቴ ደግሞ ዓለም ከተማ ነው። በደርግ ዘመን ይህ ምድር መንዝና ግሼ እንዲሁም መርሐቤቴ በሚባሉ አውራጃዎች ይተዳደር ነበር። ሜዳው ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ሲሄዱበት ግን በየመንገዱ ገደል ይቆርጠዋል። ጀማና ገባሮቹ ደጋውን ሰንጥቀው ጥልቅ ሸለቆዎችን አበጅተዋል። ከዚህ አፋፍ ቆሞ ጎረቤቱን የሚጠራ ሰው ድምፁ በደቂቃ ይደርሳል፤ እግሩ ግን ወርዶና ወጥቶ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ባለ ምድር በወረዳ ከተማ የተቀመጠ ፖሊስ ከአፋፉ በታች ያለችው መንደር ምን እንደሚያስጨንቃት በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ወንጀል ተፈጽሞ ወሬው እስኪደርሰው ድረስ አንድ ቀን ያልፋል፤ እርሱ እስኪደርስ ሌላ ቀን ይጨመራል። በዚህ መካከል ሟች ይቀበራል፣ ገዳይ ይሸፍታል፣ የሟች ዘመድ ጠመንጃውን ይወለውላል። ስለዚህ የደጋው ጸጥታ በሩጫ አይጠበቅም። የሚጠበቀው አስቀድሞ በማወቅ ነው፤ አስቀድሞ የሚያውቀውም ነዋሪው ነው።

ነዋሪው የሚያውቃቸው ችግሮች ምንድን ናቸው? የመጀመሪያው የበግ ስርቆት ነው። ይህ ነገር ለከተማ ሰው ቀላል ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የመንዝ ደጋ ውርጭ የሚያጠቃው፣ በልጉም መኸሩም እርግጠኛ ያልሆነበት የገብስ አገር ነው። ገብሱ በከዳ ዓመት ቤተሰቡን የሚያሻግረው በጉ ነው። የመንዝ በግ በሥጋው ብቻ ሳይሆን በጸጉሩም ሀብት ነው፤ ባናውና ዝተቱ የሚሠራው ከርሱ ነው። እንግዲህ በአንድ ሌሊት አምስት በጎች የተነዱበት አባወራ የተሰረቀው እንስሳ ብቻ አይደለም። የክፉ ቀን መሻገሪያው፣ የልጁ ደብተርና የራሱ ብርድ ልብስ አብረው ተነድተዋል።

ሁለተኛው የድንበር ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ የመንዝን ሰው ኑሮ፣ ለመሬቱ ያለውን ጽናትና የሙግት ልማዱን በሰፊው ገልጾታል። የርስት ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቢሻርም፣ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረና ማሳው እየጠበበ በመሄዱ አንዲት የፈር ስፋት ያላት መሬት አሁንም ወንድምን ከወንድም ታጣላለች። ከዚህ ጋር የግጦሽና የምንጭ ውሃ ክርክር፣ የልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ በጠላና በአረቄ ቤት የሚነሣ ጠብ፣ በሠርግና በለቅሶ የሚተኮስ ጥይት ይገኙበታል።

እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ ይታያል። የጣቢያውን መዝገብ የገለጠ ሰው በግንባር ቀደምትነት የሚያገኘው የሰው ግድያን ነው። ሕዝቡን ሰብስቦ የጠየቀ ሰው ደግሞ ስለ በግና ስለ ድንበር ይሰማል። አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎች ይህን ሲያዩ «ሕዝቡ ትልቁን ትቶ ትንሹን ይናገራል» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ግን የተሳሳተ አመለካከት ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች የአንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ናቸው። ድንበር መግፋት ስድብን ይወልዳል፤ ስድብ ዱላን፣ ዱላ ጥይትን፣ ጥይት ደምን፣ ደምም ደም መላሽን ይወልዳል። መዝገቡ የሰንሰለቱን መጨረሻ ሲያሳይ ሕዝቡ መጀመሪያውን ያመለክታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል የሚጠራው ወደዚሁ መጀመሪያ ነው።

ከአውጫጭኝ እስከ አብዮት ጥበቃ

የአካባቢን ጸጥታ በአካባቢው ሕዝብ ማስጠበቅ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ እጅ ከሰይፍ ይመለስ ነበር። ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደዳል፤ ወንጀለኛው ካልተገኘ ነዋሪው በጋራ የጠፋውን ንብረት ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሕዝብ ዕውቀት ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ቁም ነገር አለ። ግን ደግሞ ምስክርነቱ የግዴታ፣ ቅጣቱ የጅምላ ነበር። ጥፋት ያልሠራ ሰው ካጠፋው ጋር እኩል ይከፍል ነበር። ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ ነበር፤ አደንዛዥ መጠጥ የጠጣ ልጅ እየሮጠ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ማስረጃ በሌለበት ሥፍራ ኃይል ብቻ ሲፈርድ ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ይህ በቂ ምሳሌ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ አገር አቀፍ የፖሊስ ኃይል ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በገጠር የጸጥታው ሸክም ለረጅም ጊዜ በጭቃ ሹሙና በነጭ ለባሹ ላይ ወድቆ ቆይቷል። ነጭ ለባሹ ከአርሶ አደሩ መካከል የተገኘ ሰው ነበር፤ ተጠሪነቱ ግን ለባላባቱና ለገዥው ነበር። ቅደም ተከተሉም የነርሱ ነበር፤ ግብር ያልከፈለው ከበግ ሌባው ይልቅ ቀድሞ ይፈለግ ነበር።

የ1966 ዓ.ም. ለውጥ ይህንን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎና የመከላከያ ጓድ ሰጠ፤ በከተሞችም የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተደራጁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭሰኛ የነበረ ሰው ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ የቀበሌ ነዋሪ የራሱን ሰፈር ራሱ መጠበቅ ጀመረ። ይህ መካድ የሌለበት እርምጃ ነው።

ሆኖም ያው ቀበሌና ያው ጥበቃ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ምን መሣሪያ እንደሆነ የብዙ ከተማ እናት ታውቃለች። የሰፈር ሌባ እንዲይዝ የታጠቀው ሰው የሰፈሩን ወጣት ከአልጋው እያወረደ ወሰደ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስር ቤት ሆነ። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ። እንግዲህ ጥበቃው ከአካባቢው ሰው በመመልመሉ ብቻ የሕዝብ አገልጋይ አልሆነም። ቅደም ተከተሉ ከላይ ሲታዘዝ፣ ተጠያቂነቱ ለሕዝብ መሆኑ ሲቀርና ሕግ ከሥራው ሲወጣ፣ የሰፈር ሰው ከሩቅ መጥቶ ከሚገዛ ሰው የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የሁሉንም ቤት በር ያውቃልና።

ጓሳ ምን ያስተምረናል?

የሕዝብ ጥበቃ በትክክለኛ መሠረት ላይ ሲቆም ምን እንደሚመስል ለማየት ከመንዝ መውጣት አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ሜዳ ለዚህ ምስክር ነው። ሜዳው ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም መኖሪያቸው ነው።

ይህ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ አገር በቀል ሥርዓት ይጠበቅ እንደነበር ይታወቃል። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከአጨዳም ከግጦሽም ተዘግቶ ይቆያል። የሚዘጋበት ዘመን ርዝመት የሚወሰነው በሣሩ ዕድገትና በሕዝቡ ችግር መጠን ነው። ሣሩ መድረሱ ሲታመን የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። ጥበቃውን አባወራዎቹ በየተራ ይወጣሉ፤ ደንብ የጣሰ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነው።

ይህን ሥርዓት በጥሞና ስንመረምረው አራት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ ሕዝቡ ተስማምቶበታል። ሁለተኛ፣ ጠባቂው የተመረጠ ነው። ሦስተኛ፣ ውሳኔው ሁሉ ሰው በሚሰማበት አደባባይ ይነገራል። አራተኛ፣ የተከለከለው ነገር ቀን ሲደርስ ይፈቀዳል፤ ማለትም ጥበቃው ሕዝቡን ለመጥቀም እንጂ ለመከልከል ሲባል ብቻ አልቆመም። ዛሬ በትላልቅ አዳራሾች «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» እየተባለ የሚሰበከው ትምህርት ፍሬ ነገሩ ከነዚህ አራት ነጥቦች አይርቅም።

ነገር ግን ጓሳን አለመጠን ማሞገስ አይገባንም። መብቱ የሁለት አባቶች ተወላጆች ብቻ ነበር፤ ከነርሱ ያልተወለደው የአካባቢው ድኃ ከሜዳው ጥቅም ውጭ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ፍትሕ ያጣው ክፍል መብቱን አገኘ፤ ጠባቂ ያጣው ሜዳ ግን ለሁሉም ክፍት ሆነና ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በየገበሬ ማኅበሩ እየመከረ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቋመ፤ በኋላም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በመሆን በክልሉ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። አሮጌው ሥርዓት ጠባቂ ነበረው፣ እኩልነት ግን አልነበረውም። አዋጁ እኩልነትን አመጣ፣ ጠባቂውን ግን አፈረሰ። የዘመናችን ተግባር ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ጉባኤው እንዴት ይሥራ?

በአማራ ክልል በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር። በየቀበሌው አንድ የማኅበረሰብ ፖሊስ ባለሙያ ይመደባል። ከርሱ ጋር የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሴቶችና ወጣቶች የሚገኙበት አማካሪ ምክር ቤት ይቋቋማል። ጠብ ወደ ደም ሳይደርስ የሚያበርድ የግጭት ፈቺ ኮሚቴ ይሠራል። «የቤተሰብ ፖሊስ» በሚል ስያሜም እያንዳንዱ ቤት ለራሱ አባላት ጠባይ ኃላፊነት እንዲወስድ ይደረጋል። ሕገ መንግሥቱም በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጥቷል።

አደረጃጀቱ በወረቀት ላይ መልካም ነው። ፍሬው የሚታየው ግን በጉባኤው አሠራር ነው። ፖሊሱ የተዘጋጀ ዕቅድ ይዞ መጥቶ «የምትቃወሙ አላችሁ?» ብሎ ከጠየቀና ጭብጨባ ተቀብሎ ከተመለሰ፣ ያ ስብሰባ እንጂ ጉባኤ አይደለም። እውነተኛው ጉባኤ በጥያቄ ይጀምራል፤ «ባለፈው ክረምት እንቅልፍ የነሣችሁ ምንድን ነው? የት ቦታ? በስንት ሰዓት?» ይላል። ነዋሪው በጎች በበዓል ዋዜማ እንደሚሰረቁ፣ ወደ ገበያም በየትኛው ቁልቁለት እንደሚነዱ ያውቃል። ይህ ከተነገረ ፖሊሱ አገር ምድሩን ሲያስስ አይውልም። የበዓሉን ሰሞን፣ ያንን ቁልቁለትና የገበያውን በር ይጠብቃል፤ ሻጩ በጉን ከየት እንዳመጣ ጎረቤቱ ቆሞ ይመሰክራል።

ከዚህ ቀጥሎ መምረጥ ይመጣል። አሥር ችግር አንሥቶ አሥሩንም «በአስቸኳይ እንፈታለን» ብሎ የሚወስን ቀበሌ አንዱንም አይፈታም። ሁለት ወይም ሦስት ይመረጡ። ለእያንዳንዱ ማን ምን እንደሚሠራ ይወሰን፤ የፖሊሱ ድርሻ ከነዋሪው ድርሻ ይለይ። የድንበር ጠብ የተመረጠ እንደሆነ የመሬት አስተዳደር ባለሙያና ሽማግሌዎች ከእርሻ ወቅት በፊት ምልክቱን በጋራ ያጽኑ፤ ሰው ወፈር ከያዘ በኋላ ማስታረቅ ዘግይቷል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ፖሊሱ በዚያው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህን ሠራሁ፣ ይህንን አልቻልኩም፣ በዚህ ተሳሳትኩ ይበል። ሂስና ግለ ሂስ ባዶ ቃል መሆኑ የሚቀረው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለምም ተፈትኗል። በጃፓን ገጠር ፖሊሱ ከቤተሰቡ ጋር በጣቢያው ውስጥ ይኖራል፤ ነዋሪውንም በየቤቱ እየዞረ ይጎበኛል። በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 በተጀመረው ሥርዓት የአንድ ሰፈር ፖሊሶችና ነዋሪዎች በየጊዜው ፊት ለፊት ተቀምጠው የሰፈሩን ችግር ይለያሉ። በእንግሊዝና በዌልስም የየአካባቢው የፖሊስ ቡድን ከነዋሪው ጋር ተነጋግሮ ጥቂት ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ጉዳዮች ይመርጣል፤ ውጤቱንም ያሳውቃል። የኑሮ ደረጃው ቢለያይም መርሁ አንድ ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

በጉባኤው ማን ተገኘ ማን ቀረ የሚለውም ሊመረመር ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚቀመጠውና የሚናገረው ዕድሜውና ሀብቱ የገፋ ወንድ ነው። እርሱ የበጉን ነገር አይረሳም። ውሃ ስትቀዳ የምትጠለፈውን ልጅ ነገር ግን ማን ይናገርላት? መሬት የሌለውን ወጣት፣ «ቡዳ» እየተባለ የሚገፋውን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ፣ ባሏ የሚደበድባትን ሴት ችግር ማን ያንሣ? እነዚህ ወገኖች በአደባባይ ለመናገር ቢቸገሩ ለብቻቸው ይደመጡ። የብዙኃኑ ድምፅ የሚባለው የጮኸው ሰው ድምፅ አይደለምና።

የጉባኤ ውሳኔም ከሕግ በላይ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌ የድንበርና የስድብ ጠብ ቢያበርድ ለአገር ይጠቅማል፤ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ከፍርድ በኋላ የቂምን ሥር ባይነቅሉት ኖሮ ብዙ ቤት ይጠፋ ነበር። ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ግን በእርቅ የሚሸፈኑ ጉዳዮች አይደሉም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህንን በር ዘግቶታል። እንዲሁም ቀበሌው ማንንም ሰው በጥርጣሬ ይዞ እንደፈለገው ማቆየት አይችልም። የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ደንግጓል። በቀይ ሽብር ዘመን የጎደለው ይህ ልጓም ነበር።

የቅርብ ዘመን ጉድለታችንንም እንናገር። በብዙ ቦታ የቀበሌ አደረጃጀት ከአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጋር ተቀላቅሎ፣ ሌባን ከመጠቆም ይልቅ የሰውን አመለካከት ወደ መጠቆም አዘንብሎ ነበር። ነዋሪው ይህንን ሲረዳ አፉን ዘጋ። አፉን የዘጋ ሕዝብ ደግሞ ስለ በግ ሌባውም አይናገርም። የፖለቲካ ጆሮ የሆነ ፖሊስ የወንጀል ጆሮውን ያጣል።

ጠመንጃ የጉባኤን ቦታ ሲይዝ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ይህንን ሁሉ ጥያቄ እንደገና አንሥቷል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአሥር ወራት ጸንቶ ቆይቷል። በሰሜን ሸዋም ጭምር በብዙ ገጠር ቀበሌዎች የፖሊሱ መደበኛ ሥራ ተስተጓጉሏል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ጽሕፈት ቤቶች ተዘግተዋል። ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በክልሉ ተስፋፍቷል። ቀድሞ በጉን የሚሰጋ አባወራ ልጁን ወደ መስጋት ደርሷል።

ጠመንጃ የያዘ ሁሉ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። አንዱ ስንቅ ያስቀድማል፣ ሌላው መረጃ፣ ሌላው መንገድ፣ ሽፍታውም ገንዘብ። በዚህ ሁሉ መካከል የነዋሪው ዝርዝር፣ ማለትም በጉ፣ ድንበሩ፣ ምንጩ፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት መንገድ፣ የሚነበብበት ቦታ ያጣል። ጠብ ያለበት ሰውም ከዳኛ ይልቅ ታጣቂ ዘመድ ይፈልጋል። የግል ቂም የትልቁን ጦርነት ልብስ ለብሶ ይወጣል። ጦርነቱ ቢበርድ እንኳ ይህ ቂም በየመንደሩ ተዳፍኖ ይቀራል።

ስለዚህም ሰላም ሲመለስ የፖሊስ ጣቢያውን ግንብ መጠገንና መኪና መመደብ ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያው ሥራ ሕዝቡን ያለ ፍርሃት ማስቀመጥና ማዳመጥ ነው። ወደ ቀበሌው የሚመለሰው ፖሊስ «ማን ከማን ጋር ነበር?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ከገባ፣ ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም። «ምን አጣችሁ? ምንስ ያስፈራችኋል?» ብሎ ከጀመረ ግን ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር ይነገረዋል። እምነት እንደ ጓሳ ሣር ነው። ለማደግ የተጠበቀ ዘመን ይሻል፤ ባልደረሰበት የታጨደ እንደሆነ ሥሩ ይደርቃል።

ይህ ጉዳይ የመንዝና የመርሐቤቴ አርሶ አደር ብቻ አይደለም። በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ወዛደር፣ በአዲስ አበባ ጨለማ መንገድ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ሠራተኛ፣ የቀበሌውን ስብሰባ «ምን ይፈይዳል» ብሎ የሚቀርበት ነዋሪ ሁሉ ተካፋይ ነው። መብራት የሌለበት አንድ መታጠፊያ ለጠቅላይ መሥሪያ ቤት ትንሽ ነገር ነው፤ በየሌሊቱ ለምታልፍበት ሴት ግን የከተማው ትልቁ ጉዳይ ነው። ይህን እርሷ ካልተናገረች፣ ጎረቤቶቿ ካልደገፏት፣ ፖሊሱም ካልመዘገበው በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አይገኝም።

ስለሆነም የነዋሪ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በየአካባቢያችን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ጉባኤው በጊዜው ይጠራ። የተመረጡት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች ሁሉም በሚያይበት ቦታ ይጻፉ። ፖሊሱም በተወሰነው ቀን ቀርቦ ያስረዳ። ፖሊሱን ይህን ስንጠይቅ ለራሳችንም ግዴታ እንገባለን፤ ያየነውን እንመሰክራለን፣ የራሳችንን ዘመድ ጥፋት አንሸሽግም፣ በሐሰት ጥቆማም ቂማችንን አንወጣም። አባ ቄራ ሜዳውን የጠበቀው በራሱ ጉልበት አልነበረም። ተራው የደረሰው አባወራ ሁሉ ብርዱን ችሎ በሜዳው ስላደረ ነበር። የዛሬው የቀበሌ ፖሊስም ሰፈሩን ሊጠብቅ የሚችለው ተራችን ሲደርስ እኛም የተገኘን እንደሆነ ነው።